አባቴን የያዛቸው ስኳሩ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስኳር ከተገኘባቸው 9 ዓመት ሆኗል። እስካሁን በሜትፎርሚንና በሌላ ክኒን ነበሩ። ከአራት ወር በፊት ግን ኢንሱሊን ተጀመረላቸው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኑብን። ማታ ማታ ከጓደኞቻቸው ጋር ሐይቅ ዳር ወክ ያደርጉ ነበር፤ ተዉት። ጓደኞቻቸው ቤት ሲመጡ "ተኝቷል በሏቸው" ይላሉ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅተው ይቀመጣሉ። ምግብ ሲቀርብ "ለእኔ የሚሆን የለም" ይላሉ። መርፌውን አንዳንድ ቀን ይዘሉታል፤ ስናስታውሳቸው ይቆጣሉ። በቀደም ደግሞ "እኔ ዕድሜዬን በልቻለሁ፤ ሸክም ከምሆን..." ብለው ዝም አሉ። ክትትል ላይ ስኳራቸው ከፍ እያለ የኢንሱሊኑ መጠን ሁለቴ ተጨምሯል። እናቴ "ስኳር ያነጫንጫል" ትላለች። ጎረቤት ጸበል ይግቡ ይላል። አንድ ዘመዳችን የድብርት መድኃኒት ሱስ ያስይዛል፣ ስኳርም ይጨምራል አለን። አጎቴ ደግሞ ስኳሩን ያመጣው ወንድሜ ትምህርቱን ሲያቋርጥ የደነገጡት ድንጋጤ ነው ባይ ነው። ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ ያቺን ሳትጨረስ የቀረችውን ንግግር ላስቀድም። ሌላው ይደርሳል።

አባት «ሸክም ከምሆን» ብለው ዝም ሲሉ ብዙዎቻችን «ኧረ ተዉ፣ ምን ይላሉ!» ብለን ወሬ እንቀይራለን። በደግነት ነው። ግን ሰውየው ሁለተኛ አይናገሩም። ከመካከላችሁ በጣም የሚቀርባቸው ሰው ለብቻቸው አግኝቷቸው በቀጥታ ይጠይቃቸው። «አባባ፣ ባልኖር ይሻለኛል የሚሉበት ጊዜ አለ? ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባቸውም። እንዲያውም ብዙ ሰው ሲጠየቅ ቀለል ይለዋል። መልሳቸው «አዎ» ከሆነ ብቻቸውን አትተዉዋቸው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። «አይ» ቢሉም እንኳ ኢንሱሊኑና ክኒኑ ከዛሬ ጀምሮ በእናንተ እጅ ይሁን። በሰዓቱ አውጥታችሁ ስጧቸው፣ መልሳችሁ አስቀምጡ፤ ስለ ኢንሱሊኑ መጠን ግን ከታች የምለውን መጀመሪያ አንብቡ። «አላመኑኝም» ብለው እንዳይከፉ «እንዳይረሱት እኔ ላግዝዎ» ማለት ይበቃል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሰውን ሳላይ ይህ በሽታ ነው አልልም። የጻፍሽው ግን ድባቴን፣ ዘመዳችሁ ድብርት ያሉትን፣ በጣም ይመስላል። ስኳር ያለባቸው ሰዎች በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው እስከ እጥፍ ይደርሳል። ክትትል ክፍል ደጃፍ ተራ ይዘው ከሚቀመጡት መካከል ይኸው ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። ጠያቂ ስለሌላቸው አይናገሩም።

ድባቴ የአንድ ቀን ሆድ መባስ አይደለም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ይቆያል። ዋናዎቹ ምልክቶች ሁለት ናቸው፤ መከፋት፣ እና ድሮ ደስ ይል የነበረው ነገር ደስ አለማለት። ከሁለቱ አንዱ መኖር አለበት። ከዚያ የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ አቅም ማጣት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን መውቀስ፣ መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ፣ ስለ ሞት ማሰብ ይከተላሉ። ከእነዚህ ዘጠኝ ምልክቶች አምስቱና ከዚያ በላይ ከተገኙ፣ ኑሮውንም ካወኩት፣ ድባቴ ነው እንላለን።

ስኳር ላይ ነገሩን የሚያወሳስበው ግማሾቹ ምልክቶች የጋራ መሆናቸው ነው። ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ይደክመዋል። ሌሊት ለሽንት እየተነሳ እንቅልፉ ይቆራረጣል። ይከሳል። ስለዚህ ቤተሰብም ሐኪምም «ስኳሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ የምፈልገው ስኳር ብቻውን የማያመጣውን ነው። ከፍ ያለ ስኳር ያደክማል እንጂ «ሸክም ነኝ» አያሰኝም። ወክ የተዉት ደክሟቸው ሊሆን ይችላል። ጓደኛ እቤት ድረስ ሲመጣ «ተኝቷል በሏቸው» ማለት ግን ከድካም ያለፈ ነው።

በነገራችን ላይ ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ሲማረር ድባቴ ይዞታል ማለት አይደለም። በየቀኑ መወጋት፣ መለካት፣ የሚበላውን መቁጠር ያንገሸግሻል። አንዳንዱ «በቃኝ፣ ሰለቸኝ» ይላል፤ የልጅ ልጁ ሲመጣ ግን ይስቃል፣ ኳስ ይመለከታል፣ ይቀልዳል። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ሸክሙን የሚያቀልለት ሐኪምና ቤተሰብ ነው እንጂ የድባቴ መድኃኒት አይደለም። የአባትሽ ሁኔታ ከዚህ ያለፈ ይመስለኛል።

እናትሽም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ስኳር ሲወርድ፣ ማለትም ከ70 ሚሊግራም በታች ሲሆን፣ ሰው ይነጫነጫል። ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል። ይህ ግን በደቂቃዎች የሚመጣና ስኳር ሲቀምሱ የሚሄድ ነው። አራት ወር ሙሉ የቆየ ዝምታ በዚህ አይገለጽም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይነቃሉ ብለሻል። ከሌሊቱ እንዲህ ባለ ሰዓት ነቅቶ መቅረት የድባቴ የታወቀ ምልክት ነው። ግን ማታ የሚወጉት ደፍረስ ያለው ኢንሱሊን ጉልበቱ የሚበረታው ሌሊት ላይ ነው። ስኳራቸው ወርዶ፣ አልቧቸው ወይም ቅዠት ቀስቅሷቸው ሊሆን ይችላል። ሲነቁ ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ስኳራቸውን ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። በበነጋው ለሐኪማቸው ንገሩ፤ እስከ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ስኳርና ድባቴ ከሁለቱም ወገን ይጎተታሉ። ድባቴ ሲይዝ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ያበዛል፤ እሱ ደግሞ ጉበት ስኳር እንዲለቅ ያደርጋል፣ የኢንሱሊንንም ሥራ ያዳክማል። ከዚህ የሚብሰው ግን ቀላሉ ነገር ነው። የከፋው ሰው መርፌውን ይተዋል፣ አይንቀሳቀስም፣ ወይ አይበላም ወይ ያገኘውን ይበላል። ስኳሩ ይወጣል። ስኳሩ ሲወጣ ይደክመዋል፣ እግሩን ያቃጥለዋል፣ ክትትል ላይ ይወቀሳል። የባሰ ይከፋዋል።

ለምን ኢንሱሊን ሲጀመር? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ይመስለኛል። በእኛ አገር መርፌ ማለት የመጨረሻው ነው ተብሎ ይታሰባል። «ክኒኑ እንቢ ብሎት ወደ መርፌ ዞረ» ሲባል «አለቀለት» ተብሎ ይሰማል። ብዙ ሰው ደግሞ መርፌ ሳይጀምር በፊት ክትትል ላይ «ካልተጠነቀቅክ መርፌ እጀምርልሃለሁ» እየተባለ ሲስፈራራ ይከርማል። ከዚያ አንድ ቀን ሲጀመርለት እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል። አጥፍቼ ነው ይላል። እውነቱ ሌላ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ከጨጓራ ጀርባ ያለው ኢንሱሊን አምራች እጢ፣ ቆሽት የምንለው፣ በዓመታት ይደክማል። ጠንቅቆ የተጠነቀቀ ሰውም ከዓመታት በኋላ ኢንሱሊን ሊያስፈልገው ይችላል። አባትሽ መምህር ናቸው፤ ምክንያቱ በወጉ ቢነገራቸው ይገባቸዋል። ይህን ከእናንተ ይልቅ ከሐኪማቸው አፍ ቢሰሙት ይሻላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ «መርፌ የጀመሩት አጥፍተው አይደለም ብለው ይንገሩልን» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ሳትዘነጊ አንብቢው። መጠኑ ሁለት ጊዜ ተጨምሯል ብለሻል። መርፌውን እየዘለሉት እንደሆነ ሐኪሙ ያውቃል? አይመስለኝም። ሐኪሙ የሚያየው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ «አልበቃውም» ብሎ ይጨምራል። ታካሚውም ቁጣ ፈርቶ «እየወሰድኩ ነው» ይላል። ስለዚህ ካርዱ ላይ የተጻፈው መጠንና ሰውነታቸው የሚያገኘው መጠን አይገናኝም። አሁን እናንተ በዚህ ጽሑፍ ተነሳስታችሁ ከነገ ጀምሮ የታዘዘውን ሙሉውን በየቀኑ ብትወጓቸው፣ ምግቡንም በወጉ ካልበሉ፣ ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ድባቴው ተሽሏቸው ራሳቸው መውሰድ ሲጀምሩም እንዲሁ። እባካችሁ መጀመሪያ ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት በትክክል የተወጉትን ቀንና መጠን በደብተር ጻፉ፤ ያልተወጉበትን ቀን ባዶ ተዉት። ያ ደብተር ከማንኛውም የላብራቶሪ ወረቀት የበለጠ ይጠቅመዋል።

እኛ ባለሙያዎችም ጥፋት አለብን። «ለምን አልወሰዱም?» ብለን እንቆጣለን እንጂ «ምን ከበደዎት?» አንልም። ተራው ረጅም ነው፣ ለአንድ ሰው ያለው ደቂቃ ትንሽ ነው፣ ይገባኛል። ግን ሁለት ጥያቄ ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮች ደስ አላለዎትም ወይ? ከፍቶዎት ወይም ተስፋ ቆርጠው ነበር ወይ? ከሁለቱ አንዱ «አዎ» ከሆነ ባለዘጠኝ ጥያቄው መጠይቅ ይቀጥላል። እኛ አገርም በአማርኛ ተፈትሾ ይሠራበታል።

ቤታችሁ ውስጥ ምን ይለወጥ? በመጀመሪያ አስታዋሹ አንድ ሰው ይሁን። እናት ጠዋት፣ አንቺ ቀን፣ ወንድምሽ ማታ «ተወጉ? ለኩ? ምን በሉ?» ካላችኋቸው፣ 61 ዓመት የኖሩና ስንቱን ያስተማሩ ሰው በቤታቸው ተማሪ ይሆናሉ። ቁጣው ከዚያም ይመጣል።

ምግቡ ሌላው ነው። «ለእኔ የሚሆን የለም» ያሉት ምናልባት እውነታቸውን ነው። ስኳር የያዘው ሰው ጤፍ ብቻ፣ ፍራፍሬ የለም፣ ድንች የለም፣ ቆጮ የለም ይባላል። ከዚያ ቤተሰቡ አንድ ላይ ሲበላ እሳቸው ለብቻቸው በትንሽ ሳህን ይቀርብላቸዋል። እንዲህ ያለ ክልከላ አብዛኛው አያስፈልግም። ጤፍም ቢሆን ሲበዛ ስኳር ያወጣል፤ ቆጮም በልክ ከሆነ ይበላል። ነገሩ መጠኑ ነው። እንጀራው ቀነስ፣ ጎመኑና ሽሮው ወይም ምስሩ በርከት ይበል። ሐዋሳ እየኖሩ ዓሣ የሚከለከልበት ምክንያት የለም፤ ጥብሱም ሾርባውም ይሆናል፣ ዘይቱ አይብዛ እንጂ። ለስላሳና ማር ይቅሩ። ቡና ያለ ስኳር ይጠጡ። ከሁሉ በላይ ከእናንተ ጋር ከአንድ ትሪ ይብሉ። እናንተም ብትበሉት የሚጠቅማችሁ ምግብ ነው።

ሐይቅ ዳር ወደነበረው ወክ መመለስ መድኃኒት ነው ስል እያጋነንኩ አይደለም። ለድባቴም ለስኳርም እንቅስቃሴ ይሠራል። ግን «ሲሻለኝ እወጣለሁ» ይላሉ፤ ድባቴ ደግሞ ቤት ተቀምጠው ሲጠብቁት አይሄድም። ስለዚህ ስሜታቸው እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ሰዓት ቁረጡ። መጀመሪያ ከቤት እስከ ሰፈራችሁ ጥግ፣ 10 ደቂቃ ይበቃል። እናንተ ሳትሆኑ ከጓደኞቻቸው አንዱ መጥቶ ቢወስዳቸው ይመረጣል፤ ልጅን እንቢ ማለት ይቀላል፣ ጓደኛን ይከብዳል። ሽፍን ጫማ ያድርጉ፤ ነጠላ ጫማ አይሆንም፣ እግር ከደነዘዘ ቁስል አይታወቅም። ኪስ ውስጥ ከረሜላ ይኑር። «ጠንከር ይበሉ፣ ወንድ ነዎት» የሚለውን ምክር ተዉት። አይጠቅምም።

ሴት ልጅ አባቷን የማትጠይቃቸው ነገርም አለ። ስኳር በቆየባቸው ወንዶች ላይ የወሲብ አቅም መድከም በጣም የተለመደ ነው። ለማንም ሳይናገሩ ለብቻቸው ይብሰለሰሉበታል። ይታከማል። አንቺ ማንሳት የለብሽም፤ ለሐኪሙ በጎን «ለብቻቸው ያነጋግሯቸው» ማለት በቂ ነው። ሌሊት የሚያቃጥል፣ የሚወጋ የእግር ሕመም ካላቸውም ይነገር፤ እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ሊሆን ይችላል።

ደም ሲመረመሩ ከስኳሩ ሌላ ሦስት ነገር እንዲታይ እመክራለሁ፤ የታይሮይድ ሆርሞን፣ የደም ማነስ፣ ቫይታሚን ቢ12። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። ቢ12 ሲጎድል ድካምም፣ የእግር መደንዘዝም፣ መከፋትም ይመጣል። ማሟላቱ ቀላል ነው።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። የድባቴ መድኃኒት ሱስ አያስይዝም። ዘመዳችሁ ያሉት ምናልባት ዲያዜፓምን ይሆናል፤ ለእንቅልፍ እየተባለ የሚወሰደው። እሱ ያለ ሐኪም ሲቆይ እውነትም ጥገኛ ያደርጋል፣ ድባቴንም አያድንም። ስኳር ይጨምራል የተባለው ደግሞ እንደ ዓይነቱ ነው። አሚትሪፕቲሊን ክብደትና ስኳር ሊጨምር ይችላል፤ በሌላ በኩል በስኳር ለሚመጣ የእግር ሕመም በትንሽ መጠን የሚታዘዘውም እሱ ነው። በአባትሽ ዕድሜ ልብ ታይቶ ነው የሚሰጠው። ፍሉኦክሰቲን በተቃራኒው ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቶሎ መለካት ያስፈልጋል። ሰርትራሊንም ጥሩ ምርጫ ነው። የትኛው እንደሚሆን የሚያያቸው ሐኪም ይወስን።

ሁሉም የሚጀምሩት ቀስ ብለው ነው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለውጥ ላይታይ ይችላል፤ የማቅለሽለሹ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፤ «ምንም አላደረገልኝም፣ ሆዴን ረበሸኝ» ይላል። ከተሻላቸው በኋላም ለወራት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይቀጥላል። ሲቆምም በአንዴ አይደለም። ድባቴው ቀለል ያለ ከሆነ በንግግር ሕክምና ብቻ መጀመር ይቻላል። ስለ ሞት የሚያስቡ ከሆነ ግን ሁለቱም አብረው ቢሄዱ ይሻላል።

ጸበሉ። ጸበል ይግቡ የሚለውን አልቃወምም። እምነታቸው ከሆነ ያጽናናቸዋል፤ ከቤት ያወጣቸዋል፣ ከሰው ያገናኛቸዋል። ግን ኢንሱሊኑ አብሯቸው ይሂድ። «ጸበል ላይ መድኃኒት አይወሰድም» የሚል ካለ ስሙት እንጂ አትቀበሉት። ጾሙንም ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት፤ ሕመምተኛን ማንም አያስገድድም። ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል አደጋ ነው።

አጎትሽን ደግሞ በትሕትና አስረዷቸው። ጭንቀትና ድንጋጤ ቀድሞ የነበረን ስኳር ሊያወጣው ይችላል፤ ለዓመታት የቆየ ድባቴም በሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመያዝ ዕድልን ከፍ ያደርጋል። አንድ ቀን የደነገጡት ድንጋጤ ግን ስኳር አይፈጥርም። ዘር፣ ዕድሜ፣ ክብደት፣ እንቅስቃሴ ማነስ ናቸው መንገዱን የሚጠርጉት። ወንድምሽ ይህን ወሬ ሲሰማ መኖሩ ያሳዝነኛል። አባትየውም ልጃቸው በእሳቸው ሕመም ሲወቀስ መስማታቸው ለድባቴያቸው አይበጅም። ይቁም።

የት ትሂዱ? በመጀመሪያ ወደ ለመዱት ክትትል። ቀጠሮው ገና ከሆነ አትጠብቁ፤ ደብተሩን ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ሂዱ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ከስኳር ክትትላቸው ወደዚያ መላክ ይቻላል። በጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉ። «የአእምሮ ሐኪም» የሚለው ስም ካስደነገጣቸው «እንቅልፍዎንና ድካምዎን የሚያይ ሐኪም» ብላችሁ ብትጀምሩ ውሸት አይሆንም፤ እንቅልፉንም ድካሙንም ያያልና። ክፍሉ ሲገቡ ከእናንተ አንድ ሰው ብቻ አብሯቸው ይግባ፣ ቀጥሎ እሱም ወጥቶ ለብቻቸው ይነጋገሩ። አንቺ ከሆንሽ የምትገቢው፣ የነገርሽኝን ሦስት ነገር ሳትረሺ ንገሪው፤ መርፌውን እንደሚዘሉ፣ ሌሊት 9 ሰዓት እንደሚነቁ፣ «ሸክም ከምሆን» እንዳሉ። ሐኪሙ ሦስቱን ካወቀ የኢንሱሊኑን መጠን እንደገና ያሰላዋል፤ ድባቴውንም በዚያው ቀን ማከም ሊጀምር ይችላል።